ትራክተሩ ከመፈታቱ በፊት ሹፌሩ ይጠየቅ

(የትራክተር መካኒክ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ለትራክተር ባለቤቶችና ለኦፕሬተሮች፣ መጥፎ መንገድ የጎዳውን ትራክተር ብልሽት ስለመፈለግ ያደረግኩት ንግግር ነው። ከስልክ ቅጂው ላይ ስገለብጠው ድግግሞሹን ቀነስኩ፤ ሌላው እንደተናገርኩት ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። ከፎገራም ከደምቢያም ከመራዊም የመጣችሁ እንዳላችሁ ነግረውኛል። መንገዱን ስለማውቀው ወገባችሁን እግዜር ይማር።

ንግግር አድርግ ስባል ደንግጬ ነበር። እኔ የለመድኩት ከትራክተር ሥር ተጋድሜ መናገር ነው። እዚያ የሚወጣው ቃል ደግሞ ለአዳራሽ አይሆንም። ለማንኛውም እሞክራለሁ።

ጋራዥ ውስጥ አብዝቼ የምሰማውን ልንገራችሁ። «ኧረ ምንም አልነካሁም፤ ዝም ብሎ ነው የተበላሸው።» እኔ ዝም ብሎ የሚበላሽ ትራክተር እስካሁን አላየሁም። ዝም የሚል ሹፌር ግን ብዙ አይቻለሁ። የዛሬው ወሬዬ ስለ ሁለቱም ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ትራክተር መኪና አይደለም። መኪና ድንጋይ ሲረግጥ ምቱን ባሌስትራው (ከሥሩ ያለው ተጣጣፊ ብረት) ይቀበለዋል። ሻሲው ይሸከመዋል። ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሹ ቤት) ጎሚኒ ላይ ተቀምጠው ትንሽ ይወዛወዛሉ እንጂ በቀጥታ አይመቱም። እኛ ጋ የሚሠራው አብዛኛው ትራክተር ግን ባሌስትራ የለውም። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ሻሲም የለውም። አንዳንዱ ከፊት አጠር ያለች ሻሲ አለችው፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ሞተሩ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል)፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎቹ የሚያከፋፍለው) እርስ በርስ በብሎን ተያይዘው እነሱው ራሳቸው ሻሲ ይሆናሉ። አጥንቱም ሆዱም አንድ ነው ማለት ነው።

ትራስ የሚሆነው ጎማው ብቻ ነው። ከጎማው የተረፈው ምት ብረቱን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ድንጋዩን የረገጠው የፊት ግራ ጎማ ሆኖ ዕዳውን የሚከፍለው መሃል ላይ ያለ የፍሪሲዮን ቤት ብሎን ሊሆን ይችላል። እኛ ደግሞ ጎማውን አይተን «ደህና ነው» ብለን እንሄዳለን።

ፍጥነትንም አስቡበት። በ10 ኪሎ ሜትር የገባችሁበትን ጉድጓድ በ20 ብትገቡበት ትራክተሩ ይዞት የሚገባው ጉልበት እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። ከ3 ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ነው። ከኋላው ደግሞ ከ300 ኪሎ የሚበልጥ ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ አንጠልጥሏል። «ቶሎ ልድረስ» ያለ ሰው የሚከፍለው በዚህ ሒሳብ ነው።

የኛን መሬት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ፎገራ ሜዳ ነው ይባላል። አስፋልት ላይ ሆኖ ለሚያየው አዎ፣ ሜዳ ነው። ጥቁሩ መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክረምት ላይ እንደ ሊጥ ይይዛችኋል። በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ከዚያ ላይ የሩዝ ማሳ ድንበሩ አለ፣ ማፋሰሻው አለ። ጉማራና ርብ ሞልተው ያለፉበት ቦታ ላይ አምና ደህና የነበረው መሬት ዘንድሮ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ወደ ባሕር ዳር ደቡብ ስትመጡ ደግሞ ጥቁሩ ድንጋይ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ጢስ ዓባይ ላይ ውኃው የሚወርድበት ዓይነት። ገላው አፈር ውስጥ ተቀብሮ አናቱን ብቻ ብቅ ያደርጋል። ሣር ከሸፈነው ደግሞ አለቀላችሁ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። የሰው ከመናገር ይሻላል።

ጋራዥ ከከፈትኩ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ከሐሙሲት ማዶ አንድ ትራክተር መጣልኝ። «ጉልበት አጣ» ይላል ሹፌሩ። ባዶውን ሲሄድ ምንም አይልም። ማረሻው መሬት ሲነክስ ያቃስትና ይጠፋል። ትንሽ አርፎ ሲያስነሱት ይነሳል። ሃያ ደቂቃ ይሠራል። ደግሞ ይጠፋል። እኔ ያኔ ወጣት ነኝ፤ ማወቄን ላሳይ ቸኩያለሁ። «ፖምፓው ነው» አልኩ። የናፍጣው ፖምፓ ወረደ። ተጠቅልሎ አዲስ አበባ ተላከ። ሄዶ እስኪመለስ አሥራ ሁለት ቀን። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው። በየማለዳው ጋቢያቸውን ደርበው መጥተው በራፉ ላይ ይቆሙና «ዛሬስ?» ይሉኛል። «ነገ ይደርሳል አያ» እላለሁ። የሽንብራ መዝሪያው እያለፈባቸው ነበር።

ፖምፓው መጣ። ተገጠመ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲመታ ተነሳ። ደስ አለን። ማሳ ወረደ። በሃያ ደቂቃው ጠፋ።

ያኔ ረዳቴ፣ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፣ ሹፌሩን «ቆይ፣ መቼ ጀመረው?» ብሎ ጠየቀው። እኔ ይህን አልጠየቅኩም! ሹፌሩም ነገረው። አስፋልቱን ትቶ በማሳ ለማሳ አቋርጦ መጥቷል። ቀኑን ሙሉ ሲያንገጫግጨው ውሏል። ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው። ታንከሩን አውርደን ገለበጥነው። ሥሩ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ጥቁር ጭቃ። ዝገት። እና የማስቲካ ወረቀት የምታክል የፌስታል ቁራጭ።

ፌስታሏን ታውቋታላችሁ። ጄሪካን እንዳያፈስ ክዳኑ ሥር የምናደርጋት ናት። ስንቀዳ ተቆርጣ ገብታለች። ስንት ጊዜ ሥር ላይ ተኝታ እንደኖረች እንጃ። መንገዱ ሲያንገጫግጫት ተነሳች። ሞተሩ ናፍጣ ሲስብ መውጫው ላይ ትለጠፋለች። ሲጠፋ ስበቱ ይቆምና ትለቃለች። ሃያ ደቂቃው የሷ ሰዓት ነበር። ፖምፓው ንጹሕ ነው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። የሠራሁበትን አልተቀበልኩም፤ የአዲስ አበባውንም ከኪሴ ከፈልኩ። ያለፈውን የሽንብራ መዝሪያ ግን በምን ልክፈል?

ከዚያ ወዲህ ከመንገድ በኋላ ጉልበት አጣ የሚል ትራክተር ሲመጣ ፖምፓ አልነካም። ከታንከሩ ጀምሬ ወደ ሞተሩ እሄዳለሁ። የታንከሩን ማውጫ ፈትቼ የሚወርደውን በነጭ ጠርሙስ እቀበላለሁ። ጠርሙሱን ትንሽ ሳቆየው ውኃው ሥር ይቀመጣል፤ ናፍጣው ከላይ ይቀራል። የመጀመሪያውን ፊልትሮ አያለሁ። የናፍጣ መስመሩ ከብረት ጋር የተፋተገበት ቦታ እፈልጋለሁ። ሲርገበገብ ውሎ ያለቀ መስመር ናፍጣ ላያፈስ ይችላል፤ አየር ግን ይስባል። አየር የሳበ ሞተር ደግሞ ልክ እንደታመመ ሰው ይንተፋተፋል። ፊልትሮ ስትቀይሩ አየሩን አስወጡ። አንዳንዱ ይህን ይረሳና «አዲሱ ፊልትሮ ባሰበት» ይለኛል።

ሌላውን ታሪክ ከዚህ ጋር አያይዤ ልንገራችሁ። ይኼኛው የሹፌር ነው። ስም የለም፤ አገር የለም።

አንድ ልጅ ነበር፤ ጎበዝ ሹፌር። አሠሪው ግን ዕቃ በተሰበረ ቁጥር ከደሞዙ ይቆርጣሉ። አንድ ቀን የተቀበረ ድንጋይ መታ። የመሪው የጎን ዘንግ ጎበጠ። ልጁ ቢናገር የወሩ ደሞዝ ሊሄድ ነው። ስለዚህ ዘንጉን ፈታው፤ ድንጋይ ላይ አስተኝቶ በመዶሻ አቃናው፤ መልሶ ገጠመው። አይን ላይ ቀጥ ብሏል። ለአሥራ አምስት ቀን ገደማ ሠራበት። ከዚያ አስፋልት ላይ ቴስቲናው (የዘንጉ ጫፍ መገጣጠሚያ) ወለቀ። ትራክተሩ ቦይ ውስጥ ገባ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ጋራዥ ሲያመጡት ልጁ ጫማ ጫማውን ያያል። «ምን ሆነ?» ስለው «ዝም ብሎ ነው» አለኝ። ዘንጉን ጠረግኩት። መሃሉ ላይ ቀለሙ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተላጧል። ብረት ሲጎብጥና ሲቃና ቀለም አብሮት አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል። ብረቱ ተናግሮ ጨርሷል፤ ልጁ ብቻ ነው የቀረው።

ባለቤቶች፣ ተቆጡኝ እንጂ እናገራለሁ። ለነገረኝ የምቆርጥበት ከሆነ ማንም አይነግረኝም። ያቺ ዘንግ በዕለቱ ብትነገር አንድ ዘንግ ተገዝቶ ያልቅ ነበር። ሳትነገር ቀርታ ፊት ለፊቱን እንዳለ በላችው። ራዲያተሩን፣ የመሪውን ሲሊንደር፣ አንድ ቸርኬ (ጎማው የሚገባበትን ብረት)።

ስለዚህ እኔ ጋ ሥራ የሚጀመረው በቁልፍ አይደለም። ሹፌሩን ለብቻው፣ ባለቤቱ በሌሉበት፣ ሻይ ይዤ አናግረዋለሁ። በየት በኩል መጣህ? ማረሻው ተነስቶ ነበር ወይስ ወርዶ? ውኃ ገብተሃል? እስከ የት? ጭቃ ይዞህ ነበር? ስንት ሰዓት ታገልክ? ዲፍ ሎክ (ሁለቱን የኋላ ጎማ አንድ ላይ የሚያስረውን) ነክተሃል? ድምፁን መጀመሪያ የሰማኸው የት ጋ ነው? በነዚህ ብቻ ግማሹ ሥራ ያልቃል።

አሁን ወደ ትራክተሩ እንምጣ። ከሥሩ ከመግባታችሁ በፊት ማረሻው መሬት ይውረድ። ሞተሩ ይጥፋ። የእጅ ፍሬን ይያዝ። ጎማው ፊትና ኋላ ድንጋይ ይግባ። ተነስቶ ከቆመ ማረሻ ሥር የሚገባ ሰው ካየሁ እኔ ሥራዬን ጥዬ እሄዳለሁ፤ በዚህ ቀልድ አላውቅም። የሃይድሮሊክ ፍሳሽም በእጅ አይዳሰስ። የኋላ ጎማችሁ ውስጥ ያለው ግፊት አንድ ተኩል ባር ቢሆን ነው። ሃይድሮሊኩ ውስጥ ያለው ከ150 በላይ ነው። የመርፌ ቀዳዳ በምታክል ክፍተት የሚወጣው ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ትንሽ ነጥብ ይመስላል፤ መጀመሪያ ላይ ብዙም አያምም። ግን እጅ ያስቆርጣል። ከነካችሁ «ይተወኛል» ሳትሉ ሐኪም ቤት ሂዱ። ፍሳሹን በካርቶን ቁራጭ ፈልጉት።

ከዚያ መጀመሪያ ዓይን ይሥራ። ትራክተሩን ሳታጥቡ ዙሩት። ሰው ሁሉ ትራክተሩን አጥቦ ነው የሚያመጣልኝ፤ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስል። እኔ ጭቃውን እፈልገዋለሁ። ደረቅ ጭቃ ላይ እርጥብ መስመር ካለ ፍሳሹ አዲስ ነው። የጎማ ዳዶ (ጎማውን የሚያስረው ብሎን) ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ወይም የሚያብለጨልጭ ቀለበት ካለ ዳዶው ላልቶ ሲፋተግ ከርሟል። ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ ፈትታችሁ የቸርኬውን ቀዳዳ እዩ። ክብ የነበረው እንቁላል ከሆነ ቸርኬው ይቀየራል። ጎማ በተፈታ ቁጥር ደግሞ ጥቂት ሰዓት ከተሠራበት በኋላ ዳዶው እንደገና ይጠብቃል። ይህን የሚያደርግ ሰው በጣት ይቆጠራል።

ጎማው ላይ ከፊቱ ይልቅ ጎኑን እዩ። በተለይ የውስጡን ጎን፤ ማንም የማያየውን። ድንጋይ የቆረጠው ወይም ያበጠ ጎማ ማሳ ላይ ይታገሣል፤ አስፋልት ላይ አይታገሥም። ለክብደት ተብሎ ውኃ የተሞላ ጎማ ካላችሁ ዕጥፍ ተጠንቀቁ። ውኃ እንደ አየር አይጨመቅም። ትራሱ ቀንሷል ማለት ነው፤ ምቱ ይበልጥ ወደ ሴሚያሱ (ጎማውን ወደሚያዞረው ዘንግ) ይሄዳል።

የፊቱን አክስል በክሪክ አንሱት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ ኩሽኔታው (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት) ወይም ጎማውን የሚያዞረው የቆመ ዘንግ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ የመሪው መገጣጠሚያ ነው፤ አንድ ሰው ቴስቲናው ላይ ጣቱን ያድርግና ሌላው ይነቅንቅ። ጣት ከዓይን ቀድሞ ያውቃል። ከዚያ መሃል ላይ አክስሉን የያዘችውን ፒን አስታውሱ። ፊቱ እንደ ሚዛን ግራ ቀኝ የሚወዛወዘው በሷ ነው። በቦይና በድንበር ስትሄዱ የምትሠራው እሷ ናት፤ ግራሶ የሚረሳባትም እሷ ናት።

ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ የፊት ጎማዎቹን ልክ ለኩ። መሣሪያ አያስፈልግም። በሁለቱም ጎማ ፊት ለፊት፣ በመሃል አክስል ቁመት ላይ፣ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። መካከሉን በሜትር ለኩ። ትራክተሩን ግፉት፤ ምልክቱ ወደ ኋላ በዚያው ቁመት ሲደርስ ደግሞ ለኩ። የፊቱ ከኋላው እኩል ወይም በጥቂት ሚሊ ሜትር ጠበብ ያለ መሆን አለበት። ልኩን የትራክተሩ መጽሐፍ ይነግራችኋል። የፊቱ ከሰፋ አንድ ነገር ጎብጧል። ማስተካከያውን አዙራችሁ ልኩን ከማምጣታችሁ በፊት የጎበጠውን ፈልጉ። አለዚያ ሕመሙን ሳይሆን ልብሱን ነው ያስተካከላችሁት።

አሁን የምወዳትን ነገር ላሳያችሁ። የፍሪሲዮኑ ቤት ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይዛችሁ ተከተሉ። ብሎኖቹ ዙሪያ ነው ነገሩ። ያ ቤት ቀልጦ የተቀዳ ብረት ነው። አይጎብጥም፤ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ደግሞ ፀጉር ነው፤ ዓይን አያየውም። ቦታውን በደንብ ጥረጉ። ላምባ በብሩሽ ቀቡት። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት። በደረቅ ጨርቅ እስኪያንፀባርቅ ጥረጉት። ጠመኔ ፈጭታችሁ ነስንሱበት። ጠብቁ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔውን ያረጥበዋል። ነጩ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ይህን ያስተማረኝ ሰውዬ እዚሁ ባሕር ዳር፣ እንደ ፈረንጆች በ1963 በሶቪየት ትብብር በተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ የተማረ ነበር። መሣሪያ ሲጠፋ የትምህርት ቤት ጠመኔ ኪሱ አትጠፋም ነበር። አሁንም የኔ ኪስ ውስጥ አለች።

ከዚያው ቤት ሥር አንዲት ቀዳዳ አለች። ዘይት ከዚያ ሲንጠባጠብ ካያችሁ በጣታችሁ ተቀበሉት። ጥቁር ከሆነና የሞተር ከሸተተ የሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎሚኒ) ነው። ወርቅማ ሆኖ ወፍራም፣ ሹል ሽታ ካለው የካምቢዮው ነው። የተቃጠለ ሽታ ብቻ ካለ ግን ጭቃ ውስጥ ስትታገሉ ፍሪሲዮኑን አቃጥላችኋል። እሱን ሹፌሩም ያውቀዋል፤ አፍንጫው አልረሳውም። ዲፍ ሎክ ይዞ ከጭቃ የወጣም ሰው መልቀቁን ከረሳ ጠንካራ መሬት ላይ ሲያዞር ከኋላ ኳ! የሚል ድምፅ ይሰማል። ያንን ድምፅ የሰማ መሄድ አይቀጥል።

ውኃ። ይኼ የኛ የጣና ዳር ሰዎች ጣጣ ነው። ቀኑን ሲሠራ የዋለ ዲፈረንሻል ግሏል። ውስጡ ያለው አየርም ግሏል። ጉማራን በመልካው ልሻገር ብላችሁ ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ስትገቡ አየሩ በአንዴ ይኮማተራል። ባዶ የሆነውን ቦታ ለመሙላት ውጭውን ይስባል። ከመተንፈሻው ወይም ካረጀው ፓራኦሊዮ ውኃ ይጠጣል። እናንተ «ጎማው እንኳ አልተዋጠም» ትላላችሁ፤ እሱ ጠጥቶ ወጥቷል። በማግስቱ ዘይት መለኪያዋን አውጡ። ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቷል። ብዙ ትራክተር ላይ ደግሞ ያው አንዱ ዘይት ለካምቢዮውም፣ ለፍሬኑም፣ ለሃይድሮሊኩም ነው። አንድ ቦታ የገባ ውኃ ሁሉም ቤት እንግዳ ይሆናል።

ገና ካልተደባለቀ አንድ ብልሃት አለ። ትራክተሩ ደልዳላ ቦታ ይደር። ውኃ ከዘይት ይከብዳል፤ ሌሊቱን ሥር ይወርዳል። ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ የሥሩን ብሎን ትንሽ ብቻ ላላ አድርጉ። መጀመሪያ የሚወጣው ውኃው ነው። ማኪያቶ ከሆነ በኋላ ግን ይህ አይሠራም፤ ዘይቱ ይቀየራል። ዋጋው ያማል፤ አውቃለሁ። የኩሽኔታው ይብሳል።

የሩዝ አገር ሰዎች፣ ገለባውንና ሲባጎውን አትርሱ። የጎማው እምብርት ላይ ይጠመጠምና እንደ ቢላ ፓራኦሊዮውን ይቆርጣል። ማታ ማታ በእጅ ነቅሎ ማውጣት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

ሙቀት ላይ አንድ ነገር ልበል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ውኃ መቶ ዲግሪ አይጠብቅም፤ 94 አካባቢ ላይ ይፈላል። ቶሎ እንዳይፈላ ግፊት ይዞ የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። የክዳኑ ጎሚኒ ካለቀና ሰው ፌስታል አድርጎ ከዘጋው (ፌስታል እንደገና መጣች!) ሞተሩ ያለ ጥፋቱ ይፈላል። ከመጥፎ መንገድ በኋላ ደግሞ ራዲያተሩ የተቀመጠበት ጎሚኒ ይዝላል፤ ራዲያተሩ ወደ ማራገቢያው ይጠጋል። ማራገቢያው የነካው ቦታ ላይ ክብ ጭረት ታያላችሁ። ጭቃና ገለባውን ስታጥቡ ከማራገቢያው በኩል ወደ ፊት እጠቡ። ነፋሱ ያስገባው ከፊት ነው። ከፊት ብታጥቡት ይበልጥ ትጠቀጥቁታላችሁ።

ከኋላ ያሉትን የማረሻ መያዣ ክንዶችና ሰንሰለቶች ብዙ አላወራም። አንድ ብቻ። ማረሻ አንስቶ በጎርባጣ የሚሄድ ሰው ማረሻው በዘለለ ቁጥር ሃይድሮሊኩን በመዶሻ እየመታው ነው። ሁለቱን ክንዶች ጎን ለጎን ሆናችሁ እዩአቸው። አንዱ ከሌላው ከተለየ ጎብጧል። ፒኖቹን አውጡ፤ መሃላቸው ከቀጠነ ጣሉ። ሚስማር በፒን ፈንታ የምታስገቡ አላችሁ፤ ስም አልጠራም።

ፍሬኑንም አደራ። የግራና የቀኙ ፔዳል ለየብቻ ነው። ለማሳ ነው የተለየው። መንገድ ስትወጡ በማያያዣዋ አንድ ላይ ይታሰሩ። ከጭቃና ከውኃ በኋላ አንዱ ቀድሞ ይይዛል፤ በፍጥነት ላይ ከሆናችሁ ይገለብጣችኋል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ነድታችሁ ሞክሩት። አጭር መንገድ፣ በዝግታ። ቁሙና የአራቱንም ጎማ እምብርት በእጅ ጀርባ ንኩ። ግራውን ከቀኙ አስተያዩ። አንዱ ብቻ ከጋለ ያንን ፍቱት። ድምፅ ካለ ረጅም ካቻቢቴ ውሰዱ። ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ ላይ። ከማራገቢያውና ከቺንጊያው ራቅ በሉ፤ ጋቢ ለብሶ ይህን የሚሞክር ሰው አይቻለሁና።

ጥያቄ ጊዜ ላይ ከኋላ የተቀመጡ እትዬ አንስተውት ስለነበረው ብየዳ ልመልስ። «የጎበጠውን የመሪ ዘንግ በያጅ አቃንቶ ቢበይድልኝ ምን አለበት?» ነው ያሉኝ። አይሆንም እትዬ። ማረሻውን ይበይዱ፣ ፓራፋንጎውን (የጭቃ መከላከያውን) ይበይዱ። መሪና ፍሬን አይበየድም። የተሰነጠቀውን የፍሪሲዮን ቤትም በቀዝቃዛው የሚበይድ ካለ አይስጡት። ያ ብረት ሳይሞቅ ሲበየድ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይከፍታል። ሌላውንም ቢሆን ከማስበየድዎ በፊት የባትሪውን ገመድ ያስፈቱ፤ ዲናሞው ይቃጠላል።

«ሹፌሬስ እውነቱን መናገሩን በምን አውቃለሁ?» ብለውም ጠይቀውኛል። ይኼ ሲባል ከኋላ የሳቁት ሹፌሮች ናቸው፤ አይቻቸዋለሁ። እኔ ያልኳቸው እንዲህ ነው። ለአንድ ወር አንድም ብር ሳይቆርጡ ይጠይቁት። ደብተር ይስጡት። ማታ ሁለት መስመር ይጻፍ፦ በየት እንደሄደ፣ ምን እንደመታ። ከወር በኋላ ያንን ደብተር ይዘው እኔ ጋ ይምጡ። ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት እሱን አነባለሁ።

በቃኝ። ሻይ ተፈልቷል አሉኝ። ከአዳራሹ ጀርባ አንድ ትራክተር ቆሟል፤ ባለቤቱ እዚሁ አሉ፤ ፈቅደውልኛል። ሹፌሩ ዛሬ ጠዋት በየት እንደመጣ አልነገረኝም፤ እኔም ገና አልጠየቅኩትም። ጠመኔ ይዣለሁ። ላምባ ያለው ማን ነው?